ከሰማያዊው መብራት ሥር ያለ ሕፃን፦ ውሃውን፣ ሙቀቱንና ካልሲየሙን እንዴት እንጠብቅ

«ሲስተር፣ ይሄ መብራት ልጄን አይጎዳብኝም?»

ጅማ ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከአጋሮ የመጣችም፣ ከሰቃ የመጣችም፣ እዚሁ ከሄርማታ የመጣችም እናት የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አብዛኞቻችን «አይዞሽ፣ ምንም አይለውም» ብለን እናልፋለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ እል ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፤ ምክንያቱም እናትየዋ የጠየቀችው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መብራቱ ለጨቅላ ሕፃናት የወፍ በሽታ ካሉን ሕክምናዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። በጊዜው ከተጀመረ ሕፃኑን ደም ከመቀየርም፣ ከአንጎል ጉዳትም ያድነዋል። ነገር ግን እርቃኑን ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ብርሃን ሥር የሚተኛ ሕፃን ከቆዳው ውሃ ይተንበታል፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰገራው ይቀጥናል፣ በአንዳንዱም ካልሲየሙ ይወርዳል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ በሚዛን፣ በቴርሞሜትር፣ በጡትና ነቅቶ በሚያይ ዓይን ይጠበቃል። ይህን የጻፍኩት አዲስ ለተመደባችሁ ነርሶችና አዋላጆች ነው። አልጋው አጠገብ ለምትቀመጥ እናትም የሚጠቅማት ብዙ ነገር አለበት።

መብራቱ ምን እየሠራ ነው?

ቀይ የደም ሕዋሳት አርጅተው ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። የአዋቂ ሰው ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ የጨቅላው ዕድሜው ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ጉበቱ ገና ሥራ መጀመሩ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ አቀነባብሮ ወደ ሐሞት መላክ አይችልም። ስለዚህ ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱት ከ100 ወደ 60ዎቹ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ወደ 80ዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ያለ ሕክምና ይድናሉ። የሚያሰጋው ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ብሎ ወደ አንጎል የሚገባበት ነው፤ ያ ከደረሰ መስማትንና እንቅስቃሴን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል።

ከ460 እስከ 490 ናኖ ሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ቆዳው ሥር ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠዋል። የተለወጠው በውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ የጉበትን ሥራ ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መውጫው ሽንትና ሰገራ ነው። ያልጠገበ፣ ያልሸና፣ ያላራ ሕፃን ላይ መብራቱ ቢበራም ቢሊሩቢኑ መውጫ ያጣል።

ይህን ሕክምና ለዓለም ያስገኘችው ነርስ መሆኗን ለአዳዲስ ልጆች ሁልጊዜ እነግራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ጂን ዋርድ ሕፃናቱን ወደ አትክልት ቦታው እያወጣች ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ገልጣ ለሐኪሞቹ አሳየች፤ ገላው ነጥቷል፣ የአንሶላው ጫፍ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የመብራት ሕክምና ውጤት አሳተሙ። የተሸፈነ ቆዳ እንደማይታከም ያን ጊዜውኑ ታይቷል ማለት ነው። ዛሬም ሰፊ ዳይፐር ታጥቆ፣ ካልሲ አጥልቆ መብራት ሥር የተኛ ሕፃን ባየሁ ቁጥር ያ የአንሶላ ጫፍ ትዝ ይለኛል።

ከማስተኛታችሁ በፊት

ሕፃኑ ስንት ሰዓቱ ነው? «የሦስት ቀን» አትበሉ፤ በሰዓት ቁጠሩት። መብራት የሚጀመርበት የቢሊሩቢን ልክ በሰዓት ዕድሜው፣ በእርግዝናው ሳምንትና ባለበት ተጨማሪ ስጋት ይለያያል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ሕፃን እስኪጣራ ድረስ እንደ ሕመምተኛ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የደም ዓይነት አለመስማማት ይኖራል።

ቢጫነቱን በተፈጥሮ ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እዩ። የእኛ ልጆች ቆዳቸው ጠይም ስለሆነ ድዳቸውንና የዓይናቸውን ነጭ ተመልከቱ፤ ግንባራቸውን ወይም ደረታቸውን በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁ። መዳፍና የእግር ውስጥ ቢጫ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። ይሁንና ውሳኔው በደም ምርመራ እንጂ በዓይን አይደለም። ጠቅላላውንና ዳይሬክት (ጉበት ያቀነባበረውን) ቢሊሩቢን ለይታችሁ አስመርምሩ፤ የእናትና የልጅ የደም ዓይነትም ይታይ።

ከዚያ አምስት ነገር መዝግቡ፦ ያለ ልብስ የተመዘነ ክብደት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የደም ስኳር፣ መጨረሻ የጠባበት ሰዓት፣ መጨረሻ የሸናበት ሰዓት። ሕፃኑ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ የታፈነ ወይም የስኳር ሕመም ካለባት እናት የተወለደ ከሆነ ካልሲየሙንም ከመነሻው አስመርምሩ፤ እነዚህ ያለ መብራትም ካልሲየማቸው ይወርዳል። መነሻው ካልተያዘ ነገ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» የሚባል ነገር አይኖርም።

እናትየዋን ስለ ልብሱም ጠይቋት። ከሣጥን የወጣ፣ ናፍታሊን የተጨመረበት የሕፃን ልብስ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸውን ልጆች ደማቸውን ያፈርሰዋል። አያት በፍቅር አስቀምጣ ያቆየችው ልብስ ሊሆን ይችላልና በማያስቀይም አነጋገር ጠይቁ። ታጥቦ ፀሐይ ላይ እስኪሰጣ ሕፃኑን ሌላ ልብስ አልብሱት።

መብራቱን ማዘጋጀት

በመብራቱና በሕፃኑ መካከል ያለው ርቀት መሣሪያው የሚለው ነው። ለድሮው ባለ ዱላ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኤልኢዲው ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቀረብ ሊል ይችላል። ሃሎጂን ከሆነ ቆዳ ስለሚያቃጥል ከተጻፈለት ርቀት በላይ አታቅርቡት። የብርሃን መለኪያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለጠንካራ ሕክምና የሚፈለገው በካሬ ሴንቲ ሜትር በናኖ ሜትር 30 ማይክሮዋትና ከዚያ በላይ ነው። አምፖል ስለበራ ብቻ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ዓይናችን ሰማያዊ ሲያይ ኃይሉ ግን ከደከመ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የበራበትን ሰዓት መሣሪያው ላይ እየለጠፋችሁ መዝግቡ፣ አቧራውንም በየቀኑ ጥረጉ።

በአልጋው ዙሪያ ነጭ ንጹሕ ጨርቅ መጋረድ ብርሃኑን መልሶ ወደ ሕፃኑ ያንጸባርቃል። አየር እንዲገባ ግን በአንድ በኩል ክፍት ይሁን፤ መብራቱንም ከላይ አትሸፍኑት።

ዓይኑን ሸፍኑ፤ መሸፈኛው ወደ አፍንጫው እንዳይንሸራተት በየጊዜው እዩ። ሲጠባ ግን ይነሳ፤ እናቱን ይያት፣ እናንተም ዓይኑ መግል እንዳልያዘ እዩ። ዳይፐሩ ትንሽ ይሁን። ቅቤ፣ ዘይት፣ ቫዝሊን አይቀባ። አያቶች ገላውን ቅቤ ማሸት የለመዱ ናቸውና «እማማ፣ ከመብራቱ እስኪወጣ ብቻ ይቆይልን» ብትሏቸው ይሰማሉ፤ እንዲሁ ከከለከላችኋቸው ማታ ሰው ሲተኛ ይቀቡታል።

ውሃ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

እርቃኑን የተኛ ሕፃን ሳናየው ከቆዳውና ከትንፋሹ ውሃ ያጣል። በባለ ዱላ አምፖሉ ሥር ይብሳል፣ በኤልኢዲው ሥር ይቀላል፣ ያለ ጊዜው በተወለደው ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከሁሉም ይከፋል። በዚያ ላይ የተለወጠው ቢሊሩቢን አንጀቱን ስለሚነካው ሰገራው አረንጓዴና ቀጭን ይሆናል፣ ይደጋገማልም። በሁለቱ መካከል ሕፃኑ ዝም ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ሶዲየሙ (የደሙ ጨው) ከፍ ይላል፣ ሽንቱ ያንሳል፣ አንጀቱም ሲዘገይ ቢሊሩቢኑን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ስለዚህ መብራት ላይ ሆኖ ቢሊሩቢኑ አልወርድ ያለ ሕፃን ሲገጥማችሁ መብራቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት መጥባቱን ጠርጥሩ።

ክብደቱን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሚዛን፣ ያለ ልብስ መዝኑ። 3,000 ግራም የተወለደ ሕፃን በሦስተኛው ቀን 2,790 ቢመዝን 7 በመቶ ቀንሷል፤ አጠባቡ አጠገቡ ተቀምጦ ይታይ። 2,700 ከደረሰ 10 በመቶ ነውና ሐኪሙ አሁኑኑ ይወቅ።

ሽንቱን በዳይፐር ክብደት መለካት ቀላል ነው። ደረቁን ዳይፐር መዝናችሁ በላዩ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፉ፤ እርጥቡን መዝናችሁ ቀንሱ። አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ደረቁ 22፣ እርጥቡ 58 ቢሆን 36 ሚሊ ሊትር ሸንቷል። ይህ የ6 ሰዓት ከሆነና ሕፃኑ 3 ኪሎ ከሆነ፣ በሰዓት በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጥሩ ነው። ከ1 በታች ከወረደ ተናገሩ። ቀጭን ሰገራ ከሽንቱ ጋር ተደባልቆ ሚዛኑን እንዳያሳስታችሁ ዳይፐሩን ከፍታችሁ እዩ። በዳይፐሩ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ቀላ ያለ ነገር ካያችሁ ሽንቱ ወፍሯል። እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ አፉ ከደረቀ ዘግይታችኋል።

መድኃኒቱ ጡት ነው፤ በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ቢጫ ሕፃን እንቅልፋም ነው፤ አልቅሶ እስኪጠይቅ ከተጠበቀ ይራባል። እናትየዋ የእግሩን ውስጥ እየዳሰሰች ትቀስቅሰው። ሐኪሙ «ከመብራት እንዳይወጣ» ብሎ ካላዘዘ በስተቀር ለ20 እና ለ30 ደቂቃ ወጥቶ መጥባቱ ሕክምናውን አያበላሽም። መሳብ ካቃተው ወተቱ ታልቦ በንጹሕ ሲኒ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ይሰጥ። የታለበውን ወተት ግን መብራቱ ሥር አታስቀምጡት፤ ሰማያዊ ብርሃን ራይቦፍላቪን የተባለውን ቫይታሚን ይሰባብረዋል።

የስኳር ውሃ አይሰጥ። «ጉሮሮው እንዲርስ» ተብሎ በማንኪያ የሚሰጠው ውሃ ትንሿን ሆድ ሞልቶ ወተቱን ያስቀራል፤ ቢሊሩቢንንም አያወርድም። እንገሩንም አታስደፉ፤ አንጀቱን የሚያጸዳለት እሱ ነው።

ግሉኮስ ተሰክቶለት ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ፣ በሽንቱና በሶዲየሙ ይወስናል። መብራት ላይ ስለሆነ ብቻ በዘልማድ ፈሳሽ መጨመር፣ በተለይ በኤልኢዲ ሥር ላለ ሕፃን፣ ትክክል አይደለም።

ሙቀት

የሚፈለገው ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ከተረጋጋ በኋላ በየሦስት አራት ሰዓቱ ለኩ።

ድሮ መብራት ሥር የምንፈራው ሕፃኑ እንዳይግል ነበር። ኤልኢዲው ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ ብርሃኑ ብርድ ነው። ጅማ ክረምቷ ረጅም ነው፤ ሌሊት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ዳይፐር ብቻ የታጠቀው ሕፃን ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ስለሆነ መገርጣቱም መጥቆሩም አይታይም። ቀለሙ ስለሚያሳስት መብራቱን ለአፍታ አጥፍታችሁ ከንፈሩን እዩ፣ እግሩንም ዳስሱ።

የበረደው ሕፃን ለመሞቅ ሲል ስብና ስኳሩን ያቃጥላል። ስቡ ሲፈርስ የሚወጡት አሲዶች ቢሊሩቢንን ከተሸካሚው አልቡሚን ላይ ያላቅቁታል፤ የተላቀቀው ደግሞ ወደ አንጎል የሚገባው ነው። ስለዚህ ብርድ ቢሊሩቢኑ ሳይጨምር እንኳ አደጋውን ይጨምራል። ማሞቂያ ሳጥን ካለ እዚያ ይሁን፤ ከሌለ የክፍሉ ማሞቂያ ይብራ፣ መስኮት ይዘጋ። ማሞቂያው በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መለኪያ የሚመራ ከሆነ መለኪያውን በሚያንጸባርቅ መሸፈኛ ከብርሃኑ ጋርዱት፤ አለዚያ የመብራቱን ሙቀት የሕፃኑ አድርጎ ይቆጥረውና ማሞቂያውን ይቀንሳል።

37.8 ካገኛችሁ መብራቱ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁም አትደንግጡ። የመብራቱን ርቀትና የክፍሉን ሙቀት አስተካክላችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ድገሙ። ካልወረደ፣ ወይም ሕፃኑ ከላላና መጥባት ከተወ፣ እንደ ኢንፌክሽን ይታይ።

ስኳሩ ከሙቀቱ ጋር ስለሚሄድ ብዙ አልልበትም፤ የበረደ፣ የደነዘዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ሁሉ ስኳሩ ይለካ፣ ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ ሐኪም ይጠራ።

ካልሲየም

ቀደም ብዬ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ በ35 ሳምንቱ የተወለደ ወንድ ልጅ ለሁለት ሌሊት መብራት ሥር ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቱ ጠራችኝ። «ሲስተር፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።» አየሁት። ጣቶቹ እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። በርዶት ነው አልኳት፣ አሞቅነው፣ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳ ጠራችኝ፤ እግሩም ጀምሮ ነበር። ስኳሩ 62፣ ሙቀቱ 36.8 ነበር። ካልሲየሙ ተልኮ ሲመጣ 6.6 ሆነ። ሐኪሙ አዝዞ በቀስታ ተሰጠውና ጠዋት ላይ እጁ ጸጥ አለ። ልጁ በደኅና ወጣ። እነዚያን ሁለት ሰዓታት ግን አልረሳቸውም፤ እናትየዋ ያየችውን እኔ በአንድ ቃል ዘጋሁባት።

መብራት ካልሲየምን ለምን ያወርዳል? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማብራሪያ ይህ ነው፤ ብርሃኑ ጭንቅላት ውስጥ ያለችውን የፓይኒያል ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን እንዳታመርት ያደርጋታል። ሜላቶኒን፣ ኮርቲሶል የተባለው ሌላ ሆርሞን ካልሲየምን ወደ አጥንት እንዳይገፋ ይገታ ነበር፤ ሲያንስ ካልሲየሙ ከደም ወደ አጥንት ይገባል። በሽንት የሚወጣው ካልሲየም መጨመሩም ይነሳል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፣ መብራቱ ሲቆምም ይመለሳል፤ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ግን ሊያንቀጠቅጥ፣ ትንፋሽ ሊያቋርጥ፣ ሊያንዘፈዝፍም ይችላል።

እንግዲህ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ሲገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ። የሚንቀጠቀጠውን እጅ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደ ደረቱ እጠፉት። ከቆመ መንቀጥቀጥ ነው፤ ካልቆመ፣ ወይም ዓይኑ ወደ አንድ ወገን ከተሰቀለ፣ አፉ የሚያኝክ ከመሰለ፣ መንዘፍዘፍ ነውና ሐኪም ይጠራ። በሁለቱም ስኳሩ ወዲያው ይለካ። ስኳሩ ደኅና ከሆነ ካልሲየም ይላክ። በጊዜው በተወለደ ሕፃን ጠቅላላው ካልሲየም ከ8፣ ያለ ጊዜው በተወለደ ከ7 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ ዝቅተኛ ነው።

ሐኪሙ ካልሲየም ግሉኮኔት ካዘዘ የልብ ምቱን እየሰማችሁ በጣም በዝግታ ስጡ፤ ምቱ ከቀነሰ አቁሙ። ከመስጠታችሁ በፊት ካኑላው በደንብ መሥራቱን አረጋግጡ፤ ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ ካልሲየም ቆዳ ያበሰብሳል። ከባይካርቦኔት ጋር በአንድ መስመር አይሂድ፣ ይረጋል። ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ደግሞ ለዚህ ሕፃን በሁለት በኩል ክፉ ነው፤ ቢሊሩቢንን ከአልቡሚን ላይ ያላቅቃል፣ ካልሲየም ባለው ፈሳሽ ሲገናኝም በጨቅላ ሕፃን ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ይረጋል። ቢጫ ሕፃን ላይ ታዝዞ ካያችሁት ሳትሰጡ ጠይቁ። ነርስ ሐኪምን መጠየቋ ድፍረት አይደለም።

ለሁሉም ሕፃን በየቀኑ ካልሲየም መመርመር አያስፈልግም። በጊዜው የተወለደ፣ በደንብ የሚጠባ፣ አንድ ቀን ብቻ የሚታከም ልጅ ዓይናችሁ ይበቃዋል። ያለ ጊዜው የተወለደና ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ግን ምንም ምልክት ባያሳይም ለሐኪሙ አስታውሱ።

ቆዳው

ቀላ ያለ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ በራሱ ይጠፋል። ቆዳው ግራጫ ወይም ነሐስ መስሎ ከጠቆረ ዳይሬክት ቢሊሩቢኑ ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ጉበትና ሐሞቱ ይመርመር። መብራቱ ሲቆም ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ እናትየዋ እንዳትደነግጥ አስቀድማችሁ ንገሯት።

ደም ሲቀዳ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሕክምናው ሲቆም

ደም ስትቀዱ መብራቱን አጥፉ፤ ናሙናውንም ከብርሃን ጋርዳችሁ ቶሎ ላኩ። ብልቃጡ ውስጥ ያለውንም ብርሃኑ ይለውጠዋልና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይመጣል። ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ያለ ከነበረ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ድገሙ። መብራት ሥር የቆየ ሕፃን ቆዳው ቶሎ ይነጣል፤ «ቢጫው ለቆታል» ብላችሁ በዓይን አትወስኑ።

የኤሌክትሪክ መብራት ከጠፋና ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ከዘገየ ሕፃኑን እርቃኑን አትተዉት። እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጉት፣ በጋቢ ሸፍኑት፣ ይጥባ። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ፤ ለስድስት ሰዓት የታዘዘ ሕክምና በተግባር ሦስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙም ውጤቱን ሲያነብ ይህን ማወቅ አለበት።

ማቆሚያው በሐኪም ትእዛዝና በደም ውጤት ነው። ካቆማችሁ በኋላ ቢሊሩቢኑ ትንሽ ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ ደሙ እየፈረሰ ለነበረና ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም። ከዴዶ ወይም ከሊሙ ገነት የመጣች እናት ነገ ተመለሺ ብትባል መንገዱ ከባድ ነው፤ የሚቻል ከሆነ ምርመራው ተደርጎ ትሂድ፣ አለዚያ በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያየው ወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።

ስትወጣ «ፀሐይ ላሙቀው?» ብላ ትጠይቃለች። ናይጄሪያ ውስጥ ጎጂውን ጨረርና ሙቀት በሚያጣራ ልዩ ላስቲክ ሥር፣ ባለሙያ እየለካ የፀሐይ ሕክምና ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥሩ ውጤት ታትሟል። በደጃፍ ፀሐይ እርቃኑን ማስጣት ግን ያ አይደለም፤ ያቃጥላል፣ ያደርቃል፣ በጠዋቱ ብርድም ይበርደዋል። ከሁሉ የሚከፋው ሐኪም ቤት መምጣቱን ማዘግየቱ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ እነዚህን ካየች ሌሊትም ቢሆን ትምጣ፦ ጡት መተው፣ መላላት ወይም ጀርባውን ወደ ኋላ መቀሰት፣ ቀጭን የማያቋርጥ ጩኸት፣ መንዘፍዘፍ፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ ቢጫው ወደ መዳፍና ወደ እግሩ ውስጥ መውረዱ። ሰገራው እንደ ኖራ ከነጣ፣ ወይም ቢጫው 14 ቀን ካለፈው፣ የሐሞት መስመሩ መመርመር አለበት፤ ለዚያ ሕፃን መብራት መፍትሔ አይሆንም፣ ቀኑም አይጠብቀውም። ዝርዝሩን ለእናትየዋ ብቻ ሳይሆን ይዟት ለመጣው ባሏ ወይም እናቷም ንገሩ። አራስ ቤት ውስጥ «ሐኪም ቤት እንሂድ» የምትለው ሁልጊዜ እሷ አይደለችምና ሦስቱንም አንድ ላይ አቁማችሁ፣ የሰማችሁትን ንገሩኝ ብላችሁ ከአፋቸው ስሙ።